አየርላንድን ስመርቅ የዋልኩ ዕለት

ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ዝም የሚባልበት አገር አይመቸኝም። እናንተን ይመቻችኋል? እኛ ዘንድ ልጅ ቆሞ ከተናገረ፣ ትልቅ ሰው «እደግ» ሳይለው አይቀመጥም። እዚህ ስቶክሆልም ግን ቸብ ቸብ ያደርጉና ጸጥ። እኔ ደግሞ ጸጥታ ሲበዛ ወንበሩ ይቆረቁረኛል።

የልጄ ልጅ የቤዛ ትምህርት ቤት ቤተሰብ የጠራ ዕለት፣ እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች እኔ ሄድኩ። ከሰፈራችን ከብሬዴንግ በባቡር ስንሄድ እሷ ጥፍሯን ትበላለች፣ እኔ ነጠላዬን እፈታለሁ እቋጥራለሁ። ቀላል ነገር አይደለማ! ተማሪዎቹ ስለ አየርላንድ ባህልና ኑሮ በእንግሊዝኛ ያስረዳሉ፤ መምህሯ ማርክ ትሰጣለች፤ ያን ቀን ያላቀረበ ወደቀ። ተራው በአባት ስም ነው። የቤዛ አባት ዘውዱ ይባላል። በእነሱ ፊደል ደግሞ «ዘ» ጭራ ላይ ነው ያለችው።

የመጀመሪያው ልጅ ስለ ጭፈራቸው ተናገረ። ቤዛ በጆሮዬ እንደነገረችኝ፣ እግራቸው እሳት እንደረገጠ ሲዘል ትከሻቸው ንቅንቅ አይልም። ትከሻ ካልሠራ ምኑን ጨፈሩት? ብቻ ልጁ በላብ ተጠምቆ ጨረሰ። መምህሯ ጥያቄ ያለው ብትል ትንፍሽ ያለ የለም። ልጁ እንዲያ ቆሞ ሲቀር አንጀቴን በላኝ። ብድግ አልኩና እደግ፣ ተመንደግ፣ እንደ ዋርካ ስፋ፣ ክፉ አይይህ፣ እናት አባትህን ጧሪ ያድርግህ አልኩት። ቤዛ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ተረጎመች። ልጁ ጉልበቴን ሊስም ምንም አልቀረው።

እዚያ ላይ ባበቃ መልካም ነበር። ግን ቀጥላ ስለ ድንቻቸው የተናገረችውን ልጅ በየትኛው አንጀቴ ልለፋት? አንዱን መርቆ ሌላውን መዝለል ከእርግማን በምን ይለያል? ስለ ዝናባቸው የተናገረውንም መረቅኩ። ስለ ለቅሷቸው የተናገረችውንም መረቅኩ። ለቅሶ ቤት ይስቃሉ አሉ፤ እኛስ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ካርታ እንጫወት የለ?

ቤዛ መጀመሪያ «እማማ፣ ያሳጥሩ» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዬን ጎተተች። በኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ ታይ ጀመር። እኔ ሞኟ መቁነጥነጧን ሳይ ተራዋ ደርሶ ፈርታ መሰለኝ፤ ልቧ እንዲረጋ ብዬ በምርቃቱ ላይ ምርቃት ጨመርኩ።

ልክ «ዘ» ስትደርስ ደወሉ ተደወለ።

በባቡሩ ላይ ከኔ ርቃ ተቀመጠች። እናቷ ማታ ሰምታ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» አለችና ማዕዱን አቀረበች። በማግስቱ ቤዛን ይዤ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቷ ምን አደረገች ብዬ ለመንኩ። ለሳምንት ቀጠረችን። እኔም አንድ ቃል ላይወጣኝ ማልኩ።

በሳምንቱ ቤዛ ቆመች። ጎረቤት ሳይደውል በወጥ ቤቱ በር ዘው ስለሚልባቸው የአየርላንድ ቤቶች ተናገረች። ቋንቋው አይገባኝም፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። ጨረሰች። ቸብ ቸብ፣ ጸጥ። እኔ በነጠላዬ አፌን ይዣለሁ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን ያያል። መምህሯም ታያለች።

«እማማ» አለች ቤዛ ከፊት ቆማ፣ «የኔስ?»

ብድግ አልኩ። ለሌላ ሰው ልጅ እንደ ጅረት የፈሰሰው አፌ ድርቅ አለ። ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ ዋርካውም ጠፋኝ። በመጨረሻ «እደጊ» ብዬ ቁጭ አልኩ።

መምህሯ ምን እንዳልኩ ጠየቀቻት፤ ቤዛም ነገረቻት። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየት አደረገችና አንድ ነገር ተናገረች። ቤዛ ሳቋን እየታገለች ተረጎመችልኝ፦

«ለካ ማሳጠር ይችሉ ኖሯል?»