ዓሣ በኪሎ

ዋጋ የሚባል ነገር ሰፈር ሲቀይር ጠባዩም ይቀየራል። አንዱን ሎሚ ሽሮ ሜዳ አንድ ዋጋ ይሏችኋል፣ አዲሱ ገበያ ስትወርዱ ሌላ። እናንተም ሁለተኛውን ሻጭ ሌባ ብላችሁ ስታበቁ፣ መሽቷልና ከእሱው ገዝታችሁ ትገባላችሁ። እኛ ጉለሌዎች በዚህ ተስማምተን ስንኖር ደርግ መጣና ዋጋ ሁሉ አንድ ይሁን አለ። እኔም የቀበሌያችን የዋጋ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ አባል ሆንኩ። ጠይቄ አይደለም፤ ስብሰባ ላይ ሳንቀላፋ ተመረጥኩ።

ስኳሩንም ጨውንም እንደምንም ተወጣነው። ያስቸገረን ዓሣ ነው። የሚበላው እንዳይመስላችሁ፤ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሲዋኝ የሚታየው፣ ጣት የማያህለው ቀዩ ዓሣ ነው። ሁለት ሱቆች ይሸጡታል፤ አንዱ ሽሮ ሜዳ፣ ሌላው አዲሱ ገበያ ያለው የሸምሱ ሱቅ። የሚያመጡት ከአንድ አርቢ ሆኖ ሳለ የሸምሱ ዋጋ እጥፍ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ይህን ደረሱበትና ለቀበሌ አመለከቱ። በዚያ ዘመን ይህ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ይባላል፤ ሱቅ ያሳሽጋል፣ ባለሱቁንም የት እንደሚያደርሰው አይታወቅም። ሸምሱ ደግሞ ቤት ሙሉ ልጆች አሉት። ፈራሁለት።

የቀበሌው ሊቀመንበር፣ እትዬ ዘነበችና እኔ ሚዛን ይዘን ሄድን፤ በመንግሥት ተመን ዓሣ የሚሸጠው በኪሎ ነዋ። ሸምሱ ላብ በላብ ሆኖ አስረዳ። የሽሮ ሜዳው ሰው ዓሣውን በመጣበት ቀን ይሸጠዋል፤ እሱ ግን ሳምንታት ያቆየዋል። ደካማው እዚያው እሱ ቤት ይሞታል፣ የጠነከረው ገዢው ቤት ይኖራል፤ የሟቾቹ ኪሳራም በተረፉት ላይ ይጫናል። እትዬ ዘነበች የሽሮ ሜዳው ዓሣቸው በማግስቱ መሞቱ ያኔ ነው ትዝ ያላቸው። ሊቀመንበሩ ግን ተመን ተመን ነው ብለው ማሸጊያ ማኅተማቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

"በኪሎ እሸጣለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ ሸምሱ። "ግን በኪሎ የሚሸጠው የሞተው ነው። እስኪሞቱ ይታገሡኝ።"

ሁላችንም ወደ ሳጥኑ ዞርን። ዓሦቹ ይዋኛሉ።

"ጓድ፣ ለመሆኑ በግ በቁሙ ሲሸጥ ይመዘናል?" አልኩ።

ሊቀመንበሩ ብዙ አሰቡ። በግ በዓይን ተገምቶ፣ ወገቡ ተዳብሶ፣ በክርክር ነው የሚገዛው፤ እሳቸውም በየዓመት በዓሉ የሚያደርጉት ነው። በመጨረሻ ቀዩ ዓሣ የቁም ከብት ነው ተብሎ ተወሰነና ማኅተሙ ወደ ኪስ ገባ። የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

እትዬ ዘነበች ጊዜ አላጠፉም። አንዱን በብርጭቆ አስቀድተው፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው፣ በግራም በቀኝም አዩት፤ ላት ቢኖረው ይጨብጡት ነበር። ከሳ ብሏል ብለው ተከራከሩ፣ ሸምሱም ቀነሰላቸው። ሊቀመንበሩም ተጠግተው ተከራከሩ፤ ለእሳቸው ይበልጥ ቀነሰ። ለእኔ፣ ለአዳኙ፣ አምስት ሳንቲም አልቀንስም አለ።

የሁለት ሱቅ ዋጋ አንድ ልናደርግ ሄደን የአንዱን ሱቅ ዋጋ ሦስት አድርገን ተመለስን። ይሁን። ሸምሱ በማግስቱም ሱቁን ከፈተ።