«አላውቅም» የማይል ቋንቋ

የጠየቁትን ሁሉ «እሺ» የሚል፣ ማንንም ማሳፈር የማይወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ እንዲህ ያለ የኮምፒውተር ቋንቋ አጋጥሞኛል።

ጎረቤቴ ትዕግሥት ለገበሬዎች የውርጭ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ድረ ገጽ የሠራችው በእሱ ነው። አንድ ቀን በአቅራቢያችን ጫጫ ከተማ ተተክሎ ለድረ ገጹ የሙቀት መጠን የሚልከው መለኪያ ተበላሸና ባዶ መልእክት ላከ። ጠንቃቃ ቋንቋ ቢሆን «ይህ ቁጥር አይደለም» ብሎ ይቆም ነበር። ይኼኛው ግን ይሉኝታ ይዞት ባዶውን ዜሮ ዲግሪ አደረገውና «ውርጭ!» አለ። በእኛ ብርድ ዜሮን ማን ይጠረጥራል?

እዚያው ጫጫ የሚያርሱት አጎቷ ጋሼ በቀለ ማስጠንቀቂያውን አምነው ያልደረሰ ባቄላቸውን በደቦ አሳጨዱ። ውርጩ ግን ሳይመጣ ቀረ።

«ጋሼ፣ ቋንቋው ሳያውቅ ገምቶ ነው» አለች ትዕግሥት እያለቀሰች።

«አይዞሽ፣ እሸቱን እንበላዋለን። ብቻ ‹አላውቅም› ማለትን አስተምሪው። እኔም የለመድኩት በስተርጅና ነው።»