የአባቴ መልስ ይዘገያል

ስለ ውርስ የማያወራ ሰው ካያችሁ፣ ወይ የሚወርሰው የለውም ወይ ወርሶ ጨርሷል። እኛ ሰበታዎች ደግሞ ያ አዲስ አበባን ወደ ማሳችን የሚያሰፋው ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር በመጣብን ዓመታት ሌላ ወሬ አልነበረንም። ከእንግሊዝኛ አንዲት ቃል የማያውቁ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «ማስተር ፕላን» የምትለዋን እንደ ልጆቻቸው ስም አጥርተው ይጠሯት ነበር። ቡራዩ ብትሄዱም ያው ነው፤ ሱሉልታ ብትወጡም ያው። መሬቱ ለማን ይቀራል?

ማንም የማይካሰስበት ውርስ ግን አለ። የስኳር በሽታ። «ድርሻዬን ወሰድክብኝ» ብሎ ወንድሙን ፍርድ ቤት ያቆመ ሰው እስከዛሬ አልሰማሁም። በእኛ ቤት ያለው ዓይነት በዘር የሚወርድ ነው፤ አንዱ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረሱና የመቅረቱ ዕድል እኩል ነው። ሽማግሌ አያስቀምጥም፣ ምስክር አይቆጥርም። ከአባቴ ለእኔ ደረሰኝ፣ ከእኔ ለልጄ ለሚልኪ። በየጠዋቱ የደንብ ልብሷን ሹራብ ገለብ አድርጋ ሆዷን ስትወጋ፣ እኔ ጫማዬን የጠፋኝ ይመስል አልጋ ስር እፈልጋለሁ።

አባቴ ኦቦ ደበላ ገበሬ ነበር። ዕድሜ ልኩን ቀጭን ስለሆነ ስኳር አለበት ቢባል ማንም አያምንም፤ በሰፈራችን ስኳር የባለ መኪና በሽታ ነውና። የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። መልስ ይዘገያል። ጠዋት «አከም ቡልታን፣ ኦቦ ደበላ?» ብሎ በደህና ማደሩን የጠየቀ ሰው የጎረቤቱን አጥር ካለፈ በኋላ ነው ከኋላው «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ የሚለውን የሚሰማው። አዲስ የመጡ ጎረቤቶች ያኮረፈ ይመስላቸው ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በእርግጥ ደህና ማደሩን ውስጡን እየጠየቀ ነው ብዬ አምን ነበር። ዛሬም አምናለሁ።

እንግዲህ በዚያ ፕላኑ ባስነሳው የግርግር ሰሞን የእህቴ ልጅ ሌንሴ ከውጭ አገር መጣች። የምታጠናው እንዲህ ያለውን ስኳር ነው። ከሰው ቆዳ ትንሽ ይወስዱና፣ ሕዋሱን ወደ ጥንቱ ይመልሱታል፤ ቆዳ ልሁን ዓይን ልሁን፣ ጉበት ልሁን ብሎ ገና ሳይወስን ወደነበረበት ማለት ነው። ግንደ ሕዋስ ይሉታል። ከዚያ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ሕዋስ እንዲሆን ያሳድጉትና የት ላይ እንደሚሰናከል ያዩታል። የታመመ ሰው ቆሽት ተከፍቶ አይታይማ።

ሌንሴ መጀመሪያ አባቴን የዘር ሐረጉን ጠየቀችው። አባቴ ስለ ዘር ሲጠየቅ ብቻ ነው የማይዘገየው፤ እኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ዝምድና እንዳይኖር አባቶች ወደ ላይ ይቆጠራሉ። ደበላ፣ ዋቆ፣ ጉደታ፣ እያለ ትንፋሽ ሳይስብ ወጣ። «ከእነዚህ ውስጥ ስኳር የነበረበት?» አለችው። አንድም የለም። ሁሉም ጤነኛ፣ ሁሉም ወንድ።

«እናትዎስ፣ አባባ?»

ሻዩ ቀዘቀዘ። «እናቴ ከሱሉልታ የመጣች ናት» አለ በመጨረሻ። «ውሃ ጠጥታ አትጠግብም ነበር። ሳላድግ ሞተች።» ለካ በሽታውን ያወረሰችን ማንም ከቁጥር ያላስገባት ሴት ናት። እኔም ስሟን ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ጫልቱ ትባላለች።

ለጥናቷ ከእሱ ቆዳ እንደምትፈልግ ስትነግረው፣ አባቴ «ቆዳዬን ብሰጥ ሚልኪ ከመርፌ ትወጣለች?» ብሎ ጠየቃት።

«እንጃ አባባ። ምናልባት እሷ ሳይሆን ልጆቿ ናቸው የሚጠቀሙት። ዋሽቼ አልወስድብዎትም።»

በዚያ ሰሞን ችካል ይዘው ወደ ማሳችን የሚመጡት ሁሉ እርግጠኞች ነበሩ። «እንጃ» ያለችው እሷ ብቻ ናት። አባቴም፣ መሬቴን አላስለካም ብሎ አገር ያስቸገረው ሰውዬ፣ ለእሷ ክንዱን ሊሰጥ ተስማማ።

ቀጠሮው አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ነበር፤ ሌንሴም በማግስቱ በራሪ ናት። ጠዋት ስንነሳ የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ታክሲ የለም። ይቅር ልል ስል አባቴ ዱላውን አንስቶ በፉሪ በኩል በእርሻ ውስጥ መራን። ቀይ ቀለም የተቀባው ችካል ከቆመበት ከራሱ ጤፍ አጠገብ ሲያልፍ ዞር ብሎም አላየው። ከፊታችን ግን ወጣቶች ቆመው ጠበቁን። ሌንሴ ቆዳውን ልታኖርበት የያዘችው ነጭ ሣጥን ነው ዓይናቸውን የሳበው፤ በዚያ ወራት በእርሻ መሐል ሣጥን ይዞ የሚሄድ ቀያሽ ብቻ ነበር።

«አባባ፣ እነዚህን ይዘው ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለው አንዱ በኦሮምኛ።

አባቴ መልስ ይዘገያል ብያችኋለሁ። ዘገየ። ወጣቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ፣ እሱ ግን ውስጡን እየጠየቀ ነው።

«ቆዳዬን ልሰጥ ነው» አለ።

«ለማን?»

ዱላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። ከዚያ፣ «ለሚልኪ።»

ሚልኪ ማን እንደሆነች አያውቁም። ልጁ ግን አባቴን ከዱላው እስከ ጫማው አየውና መንገድ ለቀቀ፤ አስፋልቱ ጋ ወታደር ስላለ በታች በኩል እንድናልፍም መከረን።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ ክንዱን አደንዝዞ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቆዳ ወሰደ። አባቴ ሰፊ ነገር ጠብቆ ነበር መሰለኝ፣ «ይኸው ነው?» አለ ቅር ብሎት። ያን ሁሉ መንገድ ለዚህች?

ፕላኑ በኋላ ቀረ ተባለ። እሰየው አልን። የእኛ ማሳ ግን ቀድሞ በቆርቆሮ ታጥሮ ስለነበር፣ መቅረቱን የነገረው ሰው አላገኘም። አባቴም ብዙ አልቆየም፣ ኩላሊቱ ደከመና አረፈ። ይናፍቀኛል። ከሁሉ ከሁሉ ያ ዝምታው ይናፍቀኛል፤ ዛሬ ሰላም ያልኩት ሰው ሁሉ አፌን ሳልዘጋ ይመልስልኛል፣ ደስ አይለኝም።

ሌንሴ በቅርቡ በስልክ ጻፈችልኝ። የአባቴ ሕዋሳት በሕይወት አሉ፣ ይራባሉም። አስቡት፣ እሱን አፈር አልብሰን የመጣን ሰዎች ነን፤ እሱ ግን ገና ወዳልተወለደበት ተመልሶ፣ አንድም ችካል ወዳልተተከለበት ዘመን፣ ሄዶ በማያውቀው አገር የላቦራቶሪ ሳህን ላይ አዲስ ጀምሯል። ከእናቱ ከጫልቱ የመጣውም አብሮት አለ። አሁን የቆሽት ሕዋስ ሆነዋል አለችኝ። ስኳር ሲጨምሩባቸው የጤነኛው ሰው ወዲያው ኢንሱሊን ያወጣል፤ የእሱ ግን ይዘገያል፣ ከዚያ ጥቂት ብቻ ያወጣል። የሚያዘገየውን ነገር አግኝተው መድኃኒት እየሞከሩበት ነው። ሚልኪ ዛሬም ትወጋለች፤ እኔም ዛሬም አልጋ ስር ጫማ እፈልጋለሁ።

መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ፣ ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ፣ «ጠዋት ስትገቢ ሰላም በይልኝ» ብዬ ጻፍኩላት።

አልሳቀችብኝም። «አከም ቡልታን ብዬዋለሁ» አለችኝ በማግስቱ።

መልስ እስካሁን የለም። አውቀዋለሁ፣ ይቆያል።