ለገባ ሁሉ የሚነሡ ታማሚ

እኛን ጎጃሞችን በሽታ አይገድለንም፤ የሚገድለን ይሉኝታ ነው! ቆይ፣ አትቆጡ... ማስረጃ አለኝ። ማስረጃዬም አጎቴ ናቸው።

አጎቴ የሞጣ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድም ሰው ቤታቸው ሲገባ ቁጭ ብለው ተቀብለው አያውቁም። ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ፣ ለሽምግልና የመጣ ይሁን ወንፊት ሊዋስ፣ ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ። የገባው ሰው «በእግዜር!» ብሎ ካልተቀመጠ እሳቸውም አይቀመጡም። ታዲያ አንድ ቀን ስትሮክ የሚሉት መጣና ግራ ጎናቸውን መታቸው። እሱም ሲገባ ሳይነሡለት የቀሩ አይመስለኝም!

እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሽንት ቤት የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። አዝዬ! አንድ ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ልጄ፣ ብቻዬን ሽንት ቤት ልሂድ እንጂ ከእግዜር ሌላ አልጠይቅም» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

የሞጣው ሐኪም ሪፈር ጻፈልን። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ነርቫቸው የተጎዳ ሰዎች ተኝተው፣ መቆምና መራመድ እየተለማመዱ የሚያገግሙበት ክፍል አለ አለን። «አልጋው ግን ጥቂት ነው፤ መርምረው መርጠው ነው የሚቀበሉት» አለ። ከዚያ በኋላም ብዙ ነገር ተናግሯል... እኔ ግን «አልጋው ጥቂት ነው» ላይ ጆሮዬን ዘጋሁ። አልጋ ጥቂት ከሆነ የሚገባው የባሰበት ነዋ! እናንተስ ብትሆኑ እንደዚያ አትሉም?

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጠያቂ! ቀጠሮው እስኪደርስ የሞጣ ሰው እየተግተለተለ ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት አጎቴ ለገባው ሰው ጭንቅላታቸውን ብቻ ቀና ያደርጉ ነበር። ቀጥሎ ትከሻቸውን። በሦስተኛው ሳምንት የአልጋውን ራስጌ በቀኝ እጃቸው ጨብጠው መቀመጫቸውን አነሡ። «ኖር!» ቤቱ በእልልታ ሲቀልጥ እኔ ክው አልኩ። አልጋችን ሊያመልጠን ነው!

ስንሄድ ደግሞ አውቶብሱ ቢቸና ቆመ። የቢቸና ዘመዶቻችን ወሬውን ሰምተው ኖሮ ተሰልፈው ጠበቁን። እነሱ አንድ በአንድ አውቶብሱ ውስጥ ሲገቡ፣ አጎቴም ከፊታቸው ያለውን ወንበር እየጨበጡ ለእያንዳንዱ ተነሡ። መጨረሻ ላይ የገባው ዘመድ ሳይሆን ትኬት ቆራጩ ነበር። ለእሱም ተነሡ።

ዓባይ ድልድይን ስንሻገር ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ ሐኪም ሲገባ እንዳይነሡ! ከተነሡ ድነዋል ብለው ይመልሱናል።»

«ሰው ቆሞ እኔ ልቀመጥ?»

«ሽንት ቤቱን ያስቡ እንጂ!»

«እሺ... ለሐኪም አልነሣም» አሉ። ቃል ተገባ።

አዲስ አበባ ደርሰን፣ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን ስንጠብቅ ሐኪሟ ገቡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ደርበብ ያሉ ሴት ናቸው። አጎቴን ላብ አጠመቃቸው። ሊነሡ ሲሉ አየሁና ቀኝ ጉልበታቸው ላይ እጄን ጫንኩ።

«ለመቆም ይሞክራሉ?» ብለው ሐኪሟ ጠየቁ።

አጎቴ መዋሸት አይሆንላቸውም፤ እኔን አዩኝ።

«እንኳን ሊቆሙ፣ ዶክተር!» አልኩ እኔ። «እንደ ድንጋይ ናቸው!»

ሐኪሟ የሪፈሩን ወረቀት አጠፉት። «በጣም አዝናለሁ። እኛ የምንቀበለው ልምምዱ የሚጠቅመውን፣ ትንሽም ቢሆን ለውጥ የሚያሳየውን ነው። ጨርሶ የማይሞክሩ ከሆነ ግን...»

ወይኔ! የሞጣው ሐኪም፣ እኔ ጆሮዬን ከዘጋሁ በኋላ ሲናገር የነበረው ይሄንን ነበር ለካ!

«ኧረ ይነሣሉ፣ ዶክተር! መነሣት እኮ ነው ሥራቸው!»

«አሁን እንደ ድንጋይ ናቸው አላልክም?»

«ጋሼ፣ በእመብርሃን ይነሡ!»

አጎቴ ግን ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አይደሉም። ለሐኪም አልነሣም ብለዋል፤ ቁጭ! ያን ሁሉ አገር አቋርጠን፣ እንደገና አዝያቸው ልመለስ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲና መወልወያ ይዛ ገባች። ስለ ባልዲ የተገባ ቃል የለም። አጎቴ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጡ፣ አቃሰቱ፣ ተነሡ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ አባቴ! ኧረ ይቀመጡ!»

ሐኪሟ ያጠፉትን ወረቀት መልሰው ዘረጉ። አጎቴ እስኪቀመጡ ጠበቁና፣ «እስኪ ውጪና እንደገና ግቢ» አሏት።

አልጋ ተገኘ! ይሉኝታ ይገድላል ያልኳችሁን በእርሳስ ሰርዙልኝ።

ከወር በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ክፍሉ በሙሉ አመላቸው ተጋብቶበታል። በሩን ከፍቼ ስገባ አንዱ በከዘራው፣ አንዱ በአልጋው ብረት፣ አንዱ ደግሞ ቅንድቡን ብቻ አንሥቶ «ኖር!» አለኝ። ሐኪሞቹ ለጉብኝት ሲገቡ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው አስቡት! ቁጭ ያሉት አጎቴ ብቻ ናቸው።

«ምነው ጋሼ፣ ለእኔ ሲሆን ቁጭ?»

«አንተ አይደለህም እንዴ አይነሡ ያልከኝ!»

አፈርኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይተው ከዘራቸውን ያዙና ብድግ አሉ። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ይቅር ብለውኛል ማለት ነው! እኔም በተራዬ ይሉኝታ ያዘኝና፣ «ኧረ በእግዜር ጋሼ፣ አይነሡ!» አልኩ።

«ላንተ መሰለህ?» አሉ፣ ብቻቸውን ወደ በሩ እያዘገሙ። «ሽንት ቤት ልሄድ ነው።»