ክብርት ወይዘሮ ዶሪን እና የተገለበጠው ሽርጥ

ቴሌቪዥን የገባበት ሰፈር ሁሉ ቴሌቪዥኑን የሚያርም አንድ ሰው አያጣም። እናንተም ጋ አለ፤ የለም ብትሉኝ አላምናችሁም። ተራኪው ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ «ውሸት» የሚል፣ ዓመተ ምሕረት በተጠራ ቁጥር ጣቱን የሚያወዛውዝ፣ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ከመስታወቱ ጀርባ ካለ ሰውዬ ጋር የሚጣላ። በእንግሊዝ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ወደብ ላይ ያለን እኛ ግሪምስቢዎች ግን በዚህ በኩል ተርፎናል። ከተማችን ለዓለም ያበረከተችው ዓሣና አራት ልጆች ነው። ዓሣው አልቋል። ስለ አራቱ ልጆች የሚሠራው ዘጋቢ ፊልም ግን ማለቂያ የለውም።

«ልጆቹ» ስል የሮክ ባንዱን ነው። ሌላው ዓለም ረጅሙን ስማቸውን ይጠራል፤ እዚህ «ልጆቹ» ካልክ ይበቃል፤ ሁለቱ ሞተው የቀሩት ሁለቱ ሰማንያን አልፈው እንኳ ልጆቹ ናቸው። የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ ሦስት ፊልም ሠሩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንዱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ይነሣና ስለ ፊልሞቹ ሌላ ፊልም ይሠራል። ሁሉም በዝናብ ይጀምራል። ሁሉም ላይ ጢሙን ያበጠረ አንድ ሊቅ መጽሐፍ መደርደሪያ ፊት ተቀምጦ ስለ እኛ ለእኛው ያስረዳናል።

እነዚህን ሊቃውንት ተራ በተራ የሚያርሙት የመንገዳችን ጠቅላይ አራሚ ክብርት ወይዘሮ ዶሪን ብላንቻርድ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ወደቡ ላይ ዓሣ ሲሰነጥቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቢላውን አስረክበው ምላሱን ያስቀሩ። አንቱታውን እዚህ ላይ ልተወው፤ ብትሰማኝ «አንተ ልጅ፣ ማንን ነው የምታስረጀው?» ትለኛለች። «ልጅ» የምትለኝ እኔን ኮሊንን፣ ስድሳ አራት ዓመት የሞላኝን ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቤታችን ግድግዳ ይጋራል። ዘጋቢ ፊልም በመጣ ቁጥር ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ትደበድባለች፤ ና ማለት ነው። ካልሄድኩ ሙሉውን እርማት በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁና ብስኩቴን ይዤ መሄዱ ይሻለኛል።

የዶሪን መፈክር አንድ ነው፤ «እኔ እዚያ ነበርኩ።» ተራኪው በዚያ ወፍራም ድምፁ ጭጋግ ስለዋጣት ወደብ ሲያወራ፣ ጭጋግ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ፀሐይ ነበረች፣ እኔ እዚያ ነበርኩ። የጊታሪስቱ አባት አስተማሪ ነበር ሲባል፣ የምን አስተማሪ፣ ከመርከብ ዓሣ አውራጅ ነበር፣ እየሰከረ እናቴ ደጃፍ ላይ ይወድቅ ነበር፣ እኔ እዚያ ነበርኩ። አንድ ቀን ከበሮ መቺው ስለተወለደባት ዕለት ስታርም፣ አንቺ እኮ ያኔ አልተወለድሽም አልኳት። ለጥቂት አሰበችና «እናቴ እዚያ ነበረች» አለችኝ።

ባለፈው በጋ ጎብኚዎችን ይዞ የልጆቹን ሰፈር የሚያዞር አስጎብኚ በራችን ፊት ቆመ። ዶሪን ወጥታ የቤቱን ቁጥር አረመችለት። ቀጥላ መንገዱን፣ ቀጥላ የጫማቸውን ዓይነት። መጨረሻ ላይ ጎብኚዎቹ እሷን ተከትለው ወደ ወደቡ ወረዱ፤ ምስኪኑ አስጎብኚ ባንዲራውን እንደያዘ ከኋላ ከኋላ ይላል። የአክስቷ ልጅ ቀብር ላይ ደግሞ ቄሱ የሟቹን ተወዳጅ ዘፈን «ከሁለተኛው ፊልም» ብለው ሲያስተዋውቁ፣ ከሦስተኛው ወንበር «ከመጀመሪያው» የሚል ድምፅ መጣ። ሟቹም ደንግጦ የሚነሣ መስሎኝ ነበር።

ለጣቢያዎቹም ትጽፋለች፤ በእጇ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ አንድም ስድብ ሳይገባበት። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስለ አስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ደብዳቤዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ ታጠራቅማለች። ቆርቆሮው ሙሉ ምስጋና አለ፣ አንድ እርማት የለም።

ሁሌ ልክ ናት አልልም። ጊታሪስቱ ግራኝ ነበር ብላ አንድ ክረምት ሙሉ ተከራክራኛለች። ፎቶ ፈልጌ አመጣሁላት፤ ሰውዬው በቀኙ እየመታ ነው። መነጽሯን አድርጋ አየችው፣ መነጽሯን አወለቀች፣ «ያን ቀን ግራው አሞት ነበር» አለችና ሻይ አፈላች። ከዶሪን ጋር የሚከራከር ሰው ማሸነፍ ይችላል፤ «አሸነፍክ» የሚለው ሰው ግን አያገኝም።

በአንድ ነገር ግን ከሊቃውንቱ ሁሉ እሷ ልክ ናት። ሁለተኛው ፊልም፣ ጥቁርና ነጩ፣ ልጆቹ በማለዳ በዓሣ ገበያ መካከል የሚሮጡበት ቦታ አለው። ሽርጥ የታጠቁ ሴቶች ቢላቸውን ጥለው ያባርሯቸዋል። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው። ከሚያባርሩት አንዷ ዶሪን ናት፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ኮረዳ። ከሁሉም ቀድማ የምትሮጠው ደግሞ ታላቅ እህቷ ኤድና ድሩሪ ናት።

ሽርጣቸውን ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ሁሉም ገልብጠው ነው የለበሱት፤ ስፌቱ ወደ ውጭ፣ ኪሱ ወደ ውስጥ። የሆነው እንዲህ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ከለንደን አዳዲስ ሽርጥ ጭነው መጡ፣ አረንጓዴ። እኛ ወደብ ላይ ደግሞ ሰው ባሕር ላይ ያላት ሴት አረንጓዴ አትለብስም፣ ገደ ቢስ ነው፤ ባሏ በተሳፈረበት ቀን ልብስ እንደማታጥበው፣ የዚያን ጭቃ ወዳድ ጅራተ ጥምዝ እንስሳ ስም በአፏ እንደማትጠራው። የኤድና እጮኛ በዚያ ሳምንት ከአይስላንድ ወዲያ ባሕር ላይ ነበር። ሴቶቹ ሽርጡን አንነካም አሉ። ዳይሬክተሩ ሳቀባቸው፤ እመቤቶቼ፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀለሙ ለማንም አይታይም አላቸው።

ኤድና ዝምተኛ ነበረች። ያን ጠዋት ግን ሽርጡን አነሣች፣ ገለበጠችው፣ ቀለም ባልገባበት በነጣው በኩል ወገቧ ላይ አሰረችው። «የማይታይ ከሆነ ምን ጎደለህ?» አለችው። ሌሎቹም ተራ በተራ ገለበጡ። ሰውዬው ጊዜው እየሄደበት ስለነበር ዋጥ አድርጎ ካሜራውን አስነሣ። ሽርጡ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ እጮኛዋ በደህና ተመለሰ፣ አገባትም።

ዘጋቢ ፊልሞቹ ታዲያ ይህን አንድ ደቂቃ አንድም ቀን በትክክል ተናግረውት አያውቁም። ለንደን ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተቀረጸው ይላሉ። ዓሣውም የላስቲክ ነው ይላሉ። ዶሪን እዚህ ላይ ስትደርስ ከሶፋው ትነሣለች፤ ያን «ላስቲክ» ሰንጥቃ አንጀቱን ያወጣችው እሷ ናታ። ከዚያ በመስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበር ትዞርና «አይደል፣ ኤድ?» ትላለች። ኤድና ከሹራብ ሥራዋ ቀና ሳትል «ነው» ትላለች። በቃ፣ «ነው»። ከዚያ በኋላ ዶሪን ረክታ ትቀመጣለች። ሃያ ዓመት እንዲህ አይቻቸዋለሁ።

ኤድና በየካቲት ሞተች። ከቀብሩ በኋላ ዶሪን ሌላ ደብዳቤ ጻፈች፣ እኔ ነኝ ፖስታ ቤት የወሰድኩላት። አዲስ ፊልም እየሠራችሁ ነው አሉ፣ የኔን ስም ተዉት፣ ኤድና ድሩሪ እዚያ ነበረች ብላችሁ አንዴ ብቻ ተናገሩ ትላለች። ከልብ እናመሰግናለን አሏት።

አዲሱ ፊልም ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ታየ። ግድግዳው ሦስቴ ተመታ፣ ሄድኩ። ዶሪን ፀጉሯን ተሠርታለች፣ የእሑድ ሹራቧን ለብሳለች። የዓሣ ገበያው ቦታ ሲደርስ ምስሉን ቀጥ አድርገው አቆሙት፤ የኤድና ፊት መስታወቱን ሞላው፣ አፏ ተከፍቶ፣ እየሳቀች። ዶሪን እጄን ያዘች። ከዚያ ባለ ጢሙ መጣ። ስማቸው ያልተመዘገበ የለንደን ዳንሰኞች፣ ስቱዲዮ ውስጥ፣ አለ። የተገለበጠው ሽርጥ የተገለበጠ ዓለም ምሳሌ ነው፣ የዳይሬክተሩ ድንቅ የአመፅ ምልክት፣ አለ።

ጩኸቱን ጠበቅኩ። ዶሪን ወደ ባዶው ወንበር ዞራ አየች፣ ምንም አልጠየቀችም። ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። «ሻይህን ጨርስና ሂድ፣ ኮሊን» አለችኝ። በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደነገጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በግድግዳው በኩል ኮሽታ አልሰማሁም። ያን ጭቅጭቅ ይናፍቀኛል ብሎ የነገረኝ ቢኖር እስቅበት ነበር።

ሐሙስ በሰፈራችን መጠጥ ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር አለ። ለምኜ ነው ያመጣኋት። ጠያቂያችን ሊቀ ጠበብት ናይጄል ነው፣ የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር፣ ማይክሮፎን ባይሰጡትም የሚጮህ ድምፅ ያለው። የሱም መፈክር አንድ ነው፤ «ወረቀቴ ላይ ያለው ነው መልሱ።» እሱን የተሟገተ ከነቢራው ይወጣል፤ ሕግ ነው። የዚያን ዕለት ሽልማት የዚያ የማይጠራው እንስሳ ጭስ የጠገበ ሙሉ ታፋ ነበር። ዶሪን ስሙን ባትጠራውም ሥጋው ነፍሷ ነው። እስከ መጨረሻው ጥያቄ እኛና የጥርስ ሐኪሞቹ ቡድን እኩል ነን።

ናይጄል መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ፤ በልጆቹ ሁለተኛ ፊልም ላይ ያለው የዓሣ ገበያ ትርኢት የት ተቀረጸ? ቤቱ ሁሉ እሑድ ዕለት ያንኑ ፊልም አይቷል። ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ የማያውቅ የለም። ጥርስ ሐኪሞቹ ጽፈው ጨርሰው ታፋውን ማየት ጀምረዋል። እስክርቢቶው እኔ እጅ ነው።

«ስቱዲዮ ብለህ ጻፍ» አለችኝ ዶሪን።

ቀና ብዬ አየኋት። ጠረጴዛውን ነው የምታየው።

«ጻፍ እንጂ። ከኤድ ጋር ሁለት ሆነን ስንናገር ምስክር ነበርን። አንድ ሰው ምስክር አይደለም፣ ለፍላፊ አሮጊት ነው። ሥጋውን ይዘን እንግባ።»

ያቺ ቄስ ያረመች ሴት፣ ያቺ አስጎብኚ ያስከነዳች ሴት፣ ለታፋ ሥጋ እህቷን ለስቱዲዮ ልትሰጥ። እስክርቢቶውን ጨብጬ ጻፍኩ፤ ግሪምስቢ፣ የዓሣ ገበያው፣ በፀሐይ። ከፊት የምትሮጠው ኤድና ድሩሪ ናት። ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁ።

ናይጄል ወረቀቶቹን ሲያይ ቆይቶ አንዱን ወደ መብራቱ አቀረበና አንዱ ቡድን ድርሰት ጽፎልናል ብሎ ቤቱን አሳቀ። ጮክ ብሎ አነበበው። የኤድናን ስም ሲጠራ የዶሪን እጅ ብርጭቆው ላይ ቀጥ አለ። ስህተት፣ አለ ናይጄል፣ ታፋው የጥርስ ሐኪሞቹ ነው።

ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፣ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ከተሳፋሪ ጋር እንኳ ቃል ያልተመላለስኩ ሰው ነኝ።

«ስህተት አይደለም» አልኩ።

«ኮሊን፣ ወረቀቴ ላይ ያለው ነው መልሱ።»

«ወረቀትህ እዚያ ነበር?»

ናይጄል አንተስ ነበርክ አለኝ። አልነበርኩም፣ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ አልኩት።

«ግን ሽርጡን የገለበጡት አረንጓዴ ስለነበር ነው። አረንጓዴ ለብሳ ወደብ የወረደች አንዲት የግሪምስቢ ሴት አምጣልኝ። አንዲት። እናትህን ጨምሮ። አምጣና ስቱዲዮ ብዬ እፈርማለሁ።»

ናይጄል ወረቀቱን አጣጠፈው። እናቱ ወደቡ ላይ መረብ እየሠራች ነው ያሳደገችው፤ ሁሉም ያውቃል። ሕግ ግን ሕግ ነው፤ በጣቱ በሩን አሳየኝ።

ያን ጊዜ ዶሪን ብድግ አለች። የሹራቧን ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ፈታች፣ አወለቀችው፣ እጅጌውን እየጎተተች ገለበጠችውና መልሳ ለበሰችው። ስፌቱ ውጪ፣ ክሩ ተንጠልጥሎ። በተገለበጠ ሹራብ ላይ ቁልፍ መቆለፍ ጊዜ ይወስዳል፤ አልቸኮለችም፣ ቤቱ ሁሉ ጠበቃት። ቆልፋ ስትጨርስ ወደኔ ዞረች።

«አንተ ልጅ፣» አለችኝ፣ «ኮትህን።»

ኮቴን ገለበጥኩ። ገበሩ ቀይ ነው፣ አንዱ ብብት ተቀዷል። እንዲያ ሆነን በጥርስ ሐኪሞቹና በታፋቸው አጠገብ አልፈን ወጣን። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል፤ ግማሹ እኔ ሳመላልሰው የኖርኩት ሕዝብ ነው። አፈጠጡብን። ሰው እያየን ነው አልኳት።

«ይዩን» አለች።

ከፊቴ ቀደም ቀደም እያለች ነው የምትሄደው። በማጅራቷ የሹራቡ ምልክት ይታየኛል፣ በእጅ ብቻ ይታጠብ ይላል። ደጃፏ ላይ ቁልፏን አውጥታ ቆም አለች።

«ያን ጠዋት ጭጋግ አልነበረም፤ ፀሐይ ነው የነበረው» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «አይደል?»

«ነው» አልኳት።