የጋሼ ደስታ መኪና ንዝረት

መኪና የዋህ ነው፤ ሲያመው አይደብቅም። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል፣ ኮምፒዩተር ሲሰኩበትም የታመመበትን ቦታ በኮድ ይናገራል። እኛ ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እየተረትን፣ ሲጠይቁን «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብለን እናልፋለን። እናንተስ?

ባጃጅ ሐዋሳን መሙላት በጀመረበት፣ ቴሌቪዥኑም በየምሽቱ ስለ እድገታችን በሚተርክልን ዘመን ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደስታ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ሻጩ፣ አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ አንድ የቅንጦት መኪና ገዙ። ሞተሩ ተነሥቶ እንኳ ድምፁ አይሰማም። ከጊዜ በኋላ ግን «መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል» ይሉ ጀመር። መብራቱም በራ።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጋራዥ ያለው ሸምሱ ኮምፒዩተሩን ሰክቶ ኮዱን አነበበልን። ሞተሩ እንደ ትራስ የተደገፈበት ጎማ ተራ ጎማ አይደለም አለን፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር በተቃራኒው እየተነቃነቀ ንዝረቱን የሚውጥ ነው። የሞተው እሱ ነው። ምትኩ ከዱባይ እስኪመጣ ጋሼ ደስታ ሲያማርሩ ከረሙ። መጣ፣ ተገጠመ፣ ኮዱም መብራቱም ጠፋ።

«አሁንም ይንቀጠቀጣል» አሉ መሪውን እንደያዙ።

ሸምሱ ገመዱን መልሶ ሰካ። ምንም ኮድ የለም። ራሱ በቱላ መንገድ ነድቶት ተመለሰ፤ መኪናው ረግቷል። እኔም ሞከርኩት፤ ረግቷል።

«ሁለታችሁም ደንዝዛችኋል!» ብለው ተቆጥተው መኪናው ውስጥ ገቡና ሞተሩን አስነሡ።

«ጋሼ፣ እስቲ ሞተሩን ያጥፉት» አለ ሸምሱ ቀስ ብሎ። «ቁልፉንም ይንቀሉት።»

አጠፉ፤ ነቀሉ። ቁልፎቹ ግን እጃቸው ውስጥ መንቀጫቀጫቸውን አላቆሙም።

ጋሼ ደስታ እጃቸውን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አገላብጠው አዩት።

«ሸምሱ፣ እኔን የሚያነብ ገመድ የለህም?»

«አላህ ያሽርዎት» አለና አንገቱን ደፋ።

ወደ ቤት እኔ ነዳሁ። ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች በሩን ሲከፍቱ መሪው ላይ እኔን አዩ፤ ምንም አልጠየቁም። ሻይ ቀዱ፤ የእኔን እስከ አፉ፣ የጋሼ ደስታን እስከ ግማሹ። ለማሳቅ ብዬ «እትዬ፣ ለባልዎ ሻይ መሰሰት ጀመሩ?» አልኩ።

«ሲሞላ ይፈስበታል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ካምና ክረምት ጀምሮ እንዲህ ነው የምቀዳለት።»

ጋሼ ደስታ ቀና ብለው ሚስታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያም ብርጭቆውን፣ ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ።