ክብርት እትዬ ምንም-አልነካሁም

አሁን ከሱቅ እየሮጥኩ ነው የገባሁት። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ምነው፣ አባረሩሽ እንዴ?» አለችኝ። «ገና ናቸው» አልኳትና አልጋዬ ላይ ወጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ። ደሞ ድርሰት አላስተማሩኝም፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምማረው፣ እሱንም ገና አጋምሼዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሰው ልጅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ዓለም ላይ ኮምፒውተሩን ነክቶ ያበላሸ ሰው የለም። አንድም። ኮምፒውተር የሚበላሸው ሁሌም በራሱ ፈቃድ ነው፤ ባለቤቱ ራቅ ብሎ፣ እጁን አጣጥፎ፣ በሐዘን እያየው። ኪቦርዱ ላይ ሻይ የሚፈሰው ከሰማይ ነው። ስክሪኑን የሚሰነጥቀው የሰው ዓይን ነው። የይለፍ ቃሉን የሚቀይረው ሰይጣን ነው፤ ሰይጣን ደሞ የባለቤቱን የልደት ቀን ያውቃል።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። አጎታችሁ ይሆናል፣ አለቃችሁ ይሆናል። የኔዋ ግን የሁሉም የበላይ ናቸው። ክብርት እትዬ ምንም-አልነካሁም እላቸዋለሁ፤ በልቤ ነው እንጂ በአፌማ አልሞክረውም፣ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ መቀስ አለ።

እዚህ ጥገና ሱቅ የገባሁት መርጬ እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ጎን ለጎን የሚሠራው ሥራ ሞልቷል ይባላል። ይባላል። በመጀመሪያ የጎረቤት ልጅ ኮዲንግ ላስጠና ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ በለጠኝ፤ እናቱ በትህትና «ከፈለግሽ እሱ ያስጠናሽ» አለችኝ። ቀጥሎ ለአንድ መጋዘን የዕቃ ስም ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ያዝኩ፤ በእንቅልፌ «ሚስማር፣ ሚስማር፣ አጭር ሚስማር» ማለት ስጀምር አብራኝ የምትኖረው ልጅ ለምና አስተወችኝ። ለአክስቴ ባል ድረ ገጽ ሠራሁለት። አገላብጦ አየውና «ጎበዝ! በዚሁ ቀጥይ» አለኝ። በዚሁ ቀጥይ ማለት ክፍያው መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ግቢያችን ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ረዳት መሆንም ይቻላል፤ ለሱ የተሰለፉት ልጆች ተመርቀው ሄደዋል፣ ሰልፉ ግን አሁንም አለ።

የቀረኝ የጥገና ሱቁ ነበር። ከክፍል በኋላ እገባለሁ፣ ኪራዬን የምከፍለው በሱ ነው። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሕግ ግን አለው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቻርጀር አለ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጫፉ ላይ ቀይ ፕላስተር የተጠመጠመበት። ቀዩ ላይ የተሰካ ላፕቶፕ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ፎርማት ይደረጋል። ነጩ ላይ የተሰካ ግን አንዲት ፎቶ እንዳትነካበት። «ይሄን ያምታታ» አለኝ የገባሁ ዕለት «ጃኬቱን ይዞ ይወጣል።» ከኔ በፊት የነበረው ልጅ አምታታ። በብስጭት ሲወጣ የረሳው ጃኬት አሁንም በሩ ኋላ ተሰቅሏል። ሁሌ አየዋለሁ።

እትዬ ከኛ ሱቅ ጎን ልብስ ሰፊ ናቸው። ላፕቶፓቸው ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ስፌት መኪና የሚከብድ ነው። ውስጡ እስከዛሬ የሰፉት ቀሚስ ሁሉ ፎቶ አለ። ደንበኛ ሲመጣ ይከፍቱታል፣ ደንበኛው ያያል፣ «ይቺን» ይላል። ሥራቸው በሙሉ እሱ ነው።

አንድ ቀን ስክሪኑ ተገልብጦባቸው መጡ። ፎቶው ሁሉ እግሩ ወደ ላይ ነው። «በራሷ ነው የተገለበጠችው!» አሉኝ። ለካ እሳቸው ፎቶው እንዲቀናላቸው ላፕቶፑን ዘቅዝቀው፣ ክዳኑን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሲሠሩ ሰንብተዋል። አንድ ቁልፍ ነክቼ አስተካከልኩት። «አየሽ፣ አንቺ ስትነኪያት ነው የዳነችው፤ እኔ ምንም አልነካሁም።»

ሌላ ጊዜ ኪቦርዱ አልጽፍ ሲላቸው ፈታሁት። ውስጡ መርፌ፣ አረንጓዴ ክርና የጠመኔ ስባሪ አገኘሁ። አንድ በአንድ ፊታቸው ደረደርኩት።

«እትዬ፣ ይሄስ?»

«አብሯት የመጣ ነው» አሉ። «ፋብሪካውን ጠይቂ።»

«ፋብሪካ ውስጥ አረንጓዴ ክር?»

«እጄን ይቁረጠው ከነካሁ!» ብለው መቀሱን አነሱ። አመንኳቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ላፕቶፓቸው እስኪሠራ ጠረጴዛዬ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። እየሰፉ ይጠብቃሉ፣ ይቆጣጠራሉም። «ቀስ በይ፣ እሷ ግልምጫ አትወድም» ይሉኛል። ሰው መጥቶ እኔን አልፎ «ባለሙያው የለም?» ሲል ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ «ባለሙያዋ እቺውልህ፣ ዓይንህን ያምሃል እንዴ?» ይላሉ። አንድ ቀን የሹራቤ ክርን ተቀዶ ነበር። ጎንበስ ብዬ ብሎን ስፈታ የሆነ ነገር ክንዴን ኮረኮረኝ። ቀና ስል ክርኔ ተሰፍቷል፣ እላዬ ላይ እንዳለ።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት?»

«ምኑን?»

«ሹራቤን።»

«እኔ ምንም አልነካሁም» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

እንግዲህ ወደ ዛሬ ልምጣ። እስካሁን የዘገየሁት ፈርቼ ነው።

ዛሬ ላፕቶፓቸው እንደ ወፍጮ እየጮኸ አመጡት። ማራገቢያው አቧራ በልቷል፣ ቀላል ነገር። ነጩ ላይ ሰካሁት። አጠገቡ ቀዩ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ነበር፣ ሊሸጡት ስለሆነ ውስጡ ይጥፋ ተብሎ የመጣ፤ እሱም ጥቁር፣ እሱም ወፍራም። ነጩ ቻርጀር ሰሞኑን ሆድ ብሶት ነበር፣ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይተዋል። የእትዬ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ቀዩን ከመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ነቅዬ እሳቸው ላይ ሰካሁት። ለትንሽ ነው ብዬ። አቧራውን ልጠርግ፣ ከዛ ልመልሰው።

አቧራውን ጠረግኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ደወለ። አለቃዬ ከፊት ለፊት «አንቺ ልጅ፣ ቀዩን ጨርሺው! ሰውየው እየመጣ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቀዩ ላይ ያለውን ሳብኩ። የምናጠፋው ኮምፒውተሩን በፍላሽ አስነስተን፣ ውስጡን ሳንከፍት ስለሆነ አንዲት ቀሚስ እንኳ አልታየችኝም። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። እኔ በሕይወቴ ስለምንም ነገር እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ለሱ ግን በየጥያቄው አዎ አልኩት።

ሲጨርስ ስክሪኑ ባዶ ሰማያዊ ሆነ። እትዬ ከበርጩማቸው አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ልብሶቼስ?» አሉ።

አለቃዬ መጣ። ስክሪኑን አየ፣ ቀዩን ፕላስተር አየ፣ በሩ ኋላ ያለውን ጃኬት ያየ መሰለኝ።

«ቻርጀሩን ማነው የቀየረው?»

አፌን ከፈትኩ። ልናገር ያሰብኩት ሌላ ነው፣ እናቴ ትሙት ሌላ ነው። የወጣው ግን «ምንም አልነካሁም» የሚል ነው።

እትዬ አዩኝ። እኔን እንጂ ላፕቶፑን አይደለም። ገመዱን ስቀይር አጠገቤ ነበሩ፣ ሁሉን አይተዋል። መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰኩና ተነሱ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

አለቃዬ ዞረ። «ምን አሉኝ?»

«ባትሪዋ ልትሞት ሆነ፣ ቀዩን ጎትቼ ሰካሁት።»

«እርስዎ? ነኩ?»

«ነካሁ።»

«በእጅዎ?»

«ታዲያ በምን ልነካ?»

እነዚህን ሁሉ ዓመታት አለቃዬን «ምንም አልነካሁም» ሲሉት የኖሩ ሰው ናቸው። ግድግዳውን ተደገፈ። ከዛ በርጩማዋን አንስቶ ጓዳውን ከሚከልለው መጋረጃ ኋላ አስገባት። «እንግዲህ እትዬ፣ ቅር እንዳይልዎት። ካሁን በኋላ ሥራ ሲኖርዎት በመስኮት ያቀብሉን፤ እዚህ ጠረጴዛ ጋ አይድረሱብኝ።»

«ደግ» ብለው ወጡ። ቀጥ ብለው ነው የወጡት።

አለቃዬ የጠፋ ፎቶ የሚፈልግ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ከፈተ። እያሰሰ ያድራል፤ ሊያገኝም ይችላል፣ ላያገኝም ይችላል። ለኔ «ነገ በጊዜ ነይ» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አይዞሽ ማለቱ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬን ሱቃቸውን ሲዘጉ ደረስኩባቸው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ…»

«ምኑን?»

«ገመዱን። አይተውኛል እኮ።»

«እኔ ምንም አላየሁም።»

«ልብሶቹስ?»

«ልብሶቹማ ሰዎቹ ላይ ናቸው፤ ለብሰዋቸው ነው የሄዱት።» ቁልፉን እየፈለጉ ትንሽ ቆዩ። ቁልፉ እጃቸው ላይ ነበር። «መጀመሪያ የሰፋኋት ቀሚስ ብቻ… እሷ ደሞ አንድ እጅጌዋ አጥሮ ነበር። መጥፋቷ ስሜን ያድናል።» ሊስቁ ሞከሩ። «ሂጂ፣ ነገ ሥራ አለሽ።»

ያኔ ነው እየሮጥኩ የመጣሁት።

አሁን የተሰፋውን ክርኔን እያየሁ ነው። ስፌቱ አይታይም፤ የት ጋ እንደተቀደደ እኔ ራሴ በጣቴ ነው የማገኘው። ቅድም መስታወት ፊት ቆሜ «እኔ ነኝ» ማለት ተለማመድኩ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «አንቺ መሆንሽንማ አውቃለሁ፣ ተኚ» አለችኝ።

እውነቱን ብናገር ጃኬቱ ጎን ሌላ ጃኬት ይሰቀላል። ዝም ብል በርጩማዋ መጋረጃ ኋላ ትቀራለች፣ እትዬም በመስኮት። ነገ አለቃዬ «ደህና አደርሽ?» ሲለኝ አፌን እከፍታለሁ። ምን እንደሚወጣው አላውቅም።